አሮጌ ቤት፣ አሮጌ ወረቀት፡ ማኅበራት ቤትና መጋዘን ሲገዙ ሊያስታውሱት የሚገባ ታሪክ

እንደሚታወቀው አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሲቋቋም በራሱ ቤት አይጀምርም። ጽሕፈት ቤቱ በኪራይ ክፍል ይከፈታል፤ ማዳበሪያው በተውሶ መጋዘን ይራገፋል፤ እህሉም ሚዛን ላይ የሚወጣው በሰው ደጅ ነው። ሥራው እየሰፋ፣ የአባል ማኅበራት ቁጥርም እየጨመረ ሲሄድ ግን በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። “ለኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ቤት አይገዛም ወይ?” የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቀላል አይደለም። በአምባሪቾ ተራራ ግርጌ በምትገኘው ዱራሜም ሆነ በሆሳዕና፣ ወይም በአካባቢው ባሉ ሌሎች ከተሞች አዲስ መጋዘን መሥራት ቦታን፣ ሲሚንቶን፣ ብረትንና ጊዜን ይጠይቃል። ስለዚህ ዓይን የሚያርፈው በዋናው መንገድ ዳር ባለው አሮጌ ቤት ላይ ነው። ፊቱ ሱቅ ነው፤ ጓሮው ሰፊ ነው፤ ከኋላው ቆርቆሮው የዛገ መጋዘን አለው። ተከራይ አለው፤ ዋጋውም ከአዲስ ሕንፃ ያነሰ ነው። ሻጩም “ወረቀቱ ሙሉ ነው” ይላል።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የአሮጌ ቤት ወረቀት አንድ ወረቀት አይደለም። የሦስት መንግሥታት ሕግ፣ የበርካታ መዋቅሮች ማኅተምና የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ተደራርበው የተቀመጡበት ፋይል ነው። ለግዢው የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ የአንድ ባለሀብት ሳይሆን ቡናውን፣ ስንዴውንና ዝንጅብሉን ሸጦ ዕጣ የገዛው ገበሬ ገንዘብ ነው። ግለሰብ ሲሳሳት ራሱ ይከስራል። ማኅበር ሲሳሳት ግን የሚከስረው በስብሰባው ያልነበረው አባልም ጭምር ነው። በመሆኑም የከተማ ቤት ሕግ ያለፈበትን መንገድ ማወቅ ለኅብረት ሥራ መሪዎች የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብን የመጠበቅ ሥራ ነው።

ከ1967 ዓ.ም በፊት

ዱራሜና አካባቢዋ በንጉሡ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በከምባታና ሐዲያ አውራጃ ሥር ነበሩ። የአውራጃው ዋና ከተማ በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ የምትባለው ሆሳዕና ነበረች። በዚያን ጊዜ የከተማ ቦታም ቤትም በግል ይያዝ፣ ይሸጥ፣ ይወረስ ነበር። ሽያጩ ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው በሽማግሌ ፊት፣ ምስክር ተቆጥሮ፣ ምርቃት ተደርጎ ነው። በከምባታና በሐዲያ ማኅበረሰብ ዘንድ የሴራ ሥርዓት ያለው ክብር የታወቀ ስለሆነ በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል እንደ ውል ይቆጠር ነበር።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሌላ መለኪያ አመጣ። በአንቀጽ 2877 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ አይጸናም። አንቀጽ 1723 ደግሞ እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ባለው አዋዋይ ፊት መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 1185 መሠረትም ባለቤትነት የሚተላለፈው ሲመዘገብ ነው። ይሁን እንጂ ያው ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ የጻፋቸውን ዝርዝር ድንጋጌዎች በአንቀጽ 3363 ለጊዜው አቆይቷቸዋል። በዚህ ምክንያት ሕጉ ያሰበው የተሟላ መዝገብ ሳይዘረጋ፣ ምዝገባው እንደየማዘጋጃ ቤቱ ልማድ ሲሠራ ቆየ።

የዚህ ዘመን ቅርስ ዛሬም ይታያል። አንዳንድ አሮጌ ቤት የግብር ደረሰኝ አለው፤ ካርታ ግን የለውም። ሌላው በአያት ስም የተጻፈ ውል አለው፤ ስሙ ግን ወደ ልጅም ወደ ልጅ ልጅም አልዞረም። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” እንደሚባለው ሁሉ፣ የሽማግሌው ቃል ሽማግሌው ሲያልፍ አብሮ አልፏል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም

የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ነው። ገበሬው ይህን ቀን በደንብ ያውቀዋል። ለቤት ገዢ ግን ይበልጥ የሚያስፈልገው ከወራት በኋላ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ይህ አዋጅ የከተማን ቦታ በሙሉና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደለት፤ ከዚያ በላይ ያለው ተወረሰ። የትንንሽ ቤቶች ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ።

“የቀበሌ ቤት” የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በየከተማው መሐል ካሉ አሮጌ ሱቆች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይታወቃሉ። በእንዲህ ያለ ቤት 20 ወይም 30 ዓመት የተቀመጠ ነጋዴ ግድግዳውን አድሶ፣ ወለሉን ሲሚንቶ አድርጎ፣ በሩን በብረት ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ለጎረቤትም ለራሱም ቤቱ የእርሱ ይመስላል። በሕግ ግን ተከራይ ነው። ተከራይ ደግሞ ቤት ሊሸጥ አይችልም፤ ገንዘብ ተቀብሎ ቁልፍ ቢያስረክብም ገዢው ያገኘው ባለቤትነት ሳይሆን ክርክር ነው።

ስለዚህ ከ1967 ዓ.ም በፊት የተሠራን ቤት ለመግዛት የሚያስብ ማኅበር የመጀመሪያ ጥያቄው “ይህ ቤት በአዋጅ 47 ጊዜ ምን ሆነ?” የሚል መሆን አለበት። ተወርሶ ነበር? ለባለቤቱ እንደ መኖሪያ ተትቶለት ነበር? ተወርሶ ከሆነስ በምን ውሳኔ ተመለሰ? በ1987 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ከአዋጅ ውጭ ተወስደዋል የተባሉ ንብረቶች የሚመረመሩበትን መንገድ ከፍቷል። በዚህ መንገድ የተመለሰ ቤት የተመለሰበት ውሳኔ ሊኖረው ይገባል። ውሳኔው ከፋይሉ ውስጥ ከሌለ የሻጩ ቃል ብቻ አይበቃም።

የማኅበራት ንብረት በሽግግሩ ጊዜ

የኅብረት ሥራ ንብረትም የራሱ ታሪክ አለው። በአገሪቱ ለገበሬ ኅብረት ሥራ የመጀመሪያው ሕግ በ1953 ዓ.ም የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 44 ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 241 በ1958 ዓ.ም ተከተለው። ከአብዮቱ በኋላ በአዋጅ 71/1968 እና በአዋጅ 138/1971 የአገልግሎትና የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተስፋፉ። በየወረዳው የማኅበር መጋዘንና ሱቅ ተሠራ። በ1968 ዓ.ም የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትም እህል የሚሰበስብበትን መረብ ዘረጋ።

የካቲት 1982 ዓ.ም የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ገበሬው ከአምራች ማኅበራት መውጣት ጀመረ። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች የማኅበራት ንብረት ተዘረፈ፤ ቆርቆሮው ተነቀለ፤ ሰነዱ ተቃጠለ ወይም ተበተነ። አዋጅ 85/1986 እና በተለይም አዋጅ 147/1991 ኅብረት ሥራን በፈቃደኝነትና በአንድ አባል አንድ ድምፅ መርህ እንደገና እስኪያቆሙት ድረስ ብዙው መጋዘን ባለቤቱ ሳይለይ ቆየ።

ሆሳዕና ላይ እንደ ሊቻ ሐዲያ፣ ዱራሜ ላይ እንደ አምባሪቾ ያሉ ዩኒየኖች ለመቋቋም የቻሉት አዋጅ 147/1991 ማኅበራት በዩኒየን ደረጃ እንዲደራጁ በከፈተው በር ነው። ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። አሮጌ መጋዘን ሲሸጥ ሻጩ ከማን እንዳገኘው መጠየቅ ያስፈልጋል። የቀድሞ ማኅበር ንብረት ከነበረ፣ ማኅበሩ ሲፈርስ ሒሳቡ እንዴት ተጣራ? ለማን ተላለፈ? ገበሬው የራሱን የቀድሞ መጋዘን በራሱ ገንዘብ ሁለተኛ እንዳይገዛ ጥንቃቄ ማድረግ የመሪዎች ኃላፊነት ነው።

ሕገ መንግሥቱና ሊዙ

በ1986 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታ በሊዝ የሚያዝበትን ሥርዓት አስተዋወቀ። በ1987 ዓ.ም የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። በዚሁ አንቀጽ መሠረት ሰው በመሬት ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ በሠራው ነገር ላይ ግን ሙሉ መብት አለው። ስለዚህ ቤት ገዛ ማለት ግድግዳውንና ጣሪያውን ገዛ ማለት ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት በይዞታ መብት የሚተላለፍ እንጂ የሚሸጥ አይደለም።

ይህ ልዩነት በከተማ ዳርቻ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከተማ ሲሰፋ የገበሬ ማሳ ላይ ፈጥኖ የቆመ የጭቃ ቤት “ቤት” ተብሎ ሲሸጥ ይታያል። በእውነቱ የሚሸጠው መሬቱ ነው። የገጠር መሬት ሽያጭ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ እንዲህ ያለው ውል ከመነሻው ዋጋ የለውም። ቤቱ ከቦታው ስፋት ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ ገዢ መጠራጠር አለበት።

የሊዙ ሕግ በአዋጅ 272/1994፣ ቀጥሎም በአዋጅ 721/2004 ተለውጧል። የ2004ቱ አዋጅ አሮጌ ቤት ለሚገዛ ሁሉ ትልቅ ትርጉም ያለው ድንጋጌ ይዞ መጣ። ከሊዝ በፊት የተያዘ ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ቦታውን በሊዝ ሥሪት እንዲይዝ በአንቀጽ 6 ደነገገ። ይህም ማለት ሻጩ ለቦታው በየዓመቱ ጥቂት ብር ብቻ ይከፍል ከነበረ ገዢውም እንደ እርሱ ይቀጥላል ማለት አይደለም። የሊዝ ውል ይፈርማል፤ ክፍያውም ከቤቱ ዋጋ ላይ የሚጨመር ነው። አንዳንድ ገዢ ይህን የሚሰማው ቀብዱን ከከፈለ በኋላ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ከቀብድ በፊት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ የመሬት ልማት ክፍል፣ በጽሑፍ ነው።

ከዚሁ ጋር የከተማውን ፕላን ማየት ያስፈልጋል። አሮጌ ቤት ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር ነው፤ መንገድ ደግሞ ይሰፋል። የቤቱ ፊት ለመንገድ የተያዘ ከሆነ ሱቆቹ ሊነሱ ይችላሉ። በማስለቀቂያ ሕግ መሠረት ለሕዝብ ጥቅም ሲነሳ ካሣ የሚከፈለው በቦታው ላይ ላለው ንብረት ነው፤ ገበያው ለቦታው የሰጠው ዋጋ ሁሉ ይመለሳል ማለት አይደለም።

የ1999 ዓ.ም ውሳኔ

ከላይ የተጠቀሰው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 ለረጅም ጊዜ በፍርድ ቤቶች ዘንድ በተለያየ መንገድ ሲተረጎም ቆይቷል። በ1999 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ከመሆኑ በተጨማሪ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ካልተደረገ እንደማይጸና ወሰነ። በአዋጅ 454/1997 መሠረት የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ በመሆኑ ውጤቱ በመላ አገሪቱ ተሰማ። በሰፈር ሦስት ምስክር አስፈርመው ቤት የገዙ ሰዎች ውላቸው ፈርሶ ገንዘባቸውን እንዲቀበሉ፣ ቤቱን ግን እንዲመልሱ የሚገደዱበት ሁኔታ ተፈጠረ። ቤት ዋጋው ሲጨምር ብር ደግሞ ዋጋው ሲቀንስ፣ ከዓመታት በኋላ የሚመለስ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚገዛ ማንም ያውቃል።

ሻጩ መሸጡን ባልካደባቸው ጉዳዮች ላይ ችሎቱ ቆይቶ የተለየ አቋም የያዘበት ጊዜ ቢኖርም፣ የሕዝብ ገንዘብ የያዘ ማኅበር ግን በሻጭ ደግነት ላይ መደገፍ አይገባውም። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በአዋጅ 334/1995፣ በኋላም በአዋጅ 922/2008 ሥርዓት ተበጅቶለታል። በሽማግሌ ፊት መስማማት መልካም ነው፤ መተማመንን ይፈጥራል። ከሽማግሌው ደጅ ግን ወደ ውል አዋዋይ መሄድ ግድ ነው።

ሚስት፣ ወራሽና ባንክ

ወረቀቱ በአንድ ሰው ስም ነው ማለት ቤቱ የአንድ ሰው ነው ማለት አይደለም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ሆነ በ1996 ዓ.ም የወጣው የደቡብ ክልል የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ካርታው በባል ስም ቢሆንም የሚስት ፊርማ ያስፈልጋል። ሻጩ ያላገባ ከሆነ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ፣ የፈታ ከሆነ የንብረት ክፍፍሉ ውሳኔ ይጠየቃል።

በአሮጌ ቤት ላይ ከዚህ የሚከብደው የወራሾች ነገር ነው። አባት ከሞተ 25 ዓመት ሆኖት ቤቱን በእጁ ያደረገው ታላቅ ወንድም ሊሸጥ ይመጣል። አንዷ እህት አዲስ አበባ፣ አንዱ ወንድም ደቡብ አፍሪካ አለ። ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸው የታወቀ ነው፤ በብዙ ቤተሰብ ከወራሾች አንዱ ውጭ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ወጥቶ፣ ስሙ ያለበት ወራሽ ሁሉ በአካል ወይም በተረጋገጠ ውክልና ካልፈረመ ግዢው ክፍተት አለው። ውክልናውም “ለመሸጥ” የሚል ግልጽ ሥልጣን የያዘና ያልተሻረ መሆኑ መታየት አለበት።

ሦስተኛው ባንክ ነው። አሮጌ ቤት ለብድር መያዣ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በ1990 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች ያልተከፈለ ብድር ሲኖር ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። መያዣው ደግሞ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ቢለወጥም ዕዳው ከቤቱ ላይ አይነሳም። ስለዚህ ከመዝጋቢው አካል ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ሳይያዝ ገንዘብ መክፈል የለበትም። በገጠሩ የታወቀው ወለድ አገድም በከተማ ቤት ላይ አንዳንዴ ስለሚኖር፣ በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ተከራይ ነው ወይስ አበዳሪ የሚለው መጣራት አለበት።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዱራሜ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ በሸዋ፣ ከዚያ በደቡብ ክልል፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ሆናለች። መዋቅር ሲለወጥ ፋይል ከቢሮ ወደ ቢሮ ይዞራል። የአንድ አሮጌ ቤት ሰነድ ግማሹ በከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ግማሹ በቀድሞው የአውራጃ ከተማ ሊገኝ ይችላል። ማጣራቱ ሳምንታት ቢፈጅ አያስገርምም፤ “ነገ ሌላ ገዢ ይወስደዋል” የሚለው ጥድፊያ ግን ሁልጊዜም ሊያስጠረጥር ይገባል።

የገንዘቡ ነገር

የሕጉ ነገር ከተጣራ በኋላ ስሌቱ ይመጣል። ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ ማኅበር ሱቆችና መጋዘን ያለውን አሮጌ ቤት በ6,000,000 ብር ሊገዛ አሰበ እንበል። በ1990 ዓ.ም በወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 የተደነገገው 2 በመቶ ሲሰላ 120,000 ብር ይሆናል። ምስጥ የበላውን ወራጅ፣ የዛገውን ቆርቆሮና ያረጀውን የኤሌክትሪክ መስመር ለማደስ 900,000 ብር ተገመተ። ለመሐንዲስ፣ ለሕግ ባለሙያና ለልዩ ልዩ ወጪ 130,000 ብር ተያዘ። ጠቅላላው 7,150,000 ብር ደረሰ። የቤቱ እውነተኛ ዋጋ ይህ እንጂ 6,000,000 አይደለም፤ የሊዝ ክፍያም ገና አልተጨመረም።

ሱቆቹ በወር 50,000 ብር ቢከራዩ በዓመት 600,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ አንድ ወር ባዶ ለሚቆይበት 50,000፣ ለጥገና 60,000፣ ለግብርና ለጥበቃ 40,000 ሲነሳ የሚቀረው 450,000 ብር ነው። ይህ ከወጣው ገንዘብ 6.3 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ገንዘቡ ተመልሶ የሚሞላው በ16 ዓመት ገደማ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። በ7 በመቶ ስሌት ያው 7,150,000 ብር በባንክ ቢቀመጥ በዓመት 500,500 ብር ያመጣል። እንግዲህ “ተከራይ አለው” የሚለው ቃል ብቻውን ቤቱን ትርፋማ አያደርገውም።

ይሁን እንጂ ሌላም ጎን አለው። ማኅበሩ ለራሱ መጋዘን በወር 30,000 ብር ኪራይ ይከፍል ከነበረና የገዛውን ቤት የኋላ መጋዘን ራሱ ቢጠቀምበት፣ በዓመት 360,000 ብር ይቆጥባል። ጠቅላላ ጥቅሙ 810,000 ብር ይሆንና ገንዘቡ ከ9 ዓመት ባነሰ ጊዜ ይመለሳል። በተጨማሪም የኑሮ ውድነት የባንክን ገንዘብ ሲያመነምን ቤት ዋጋውን ይዞ መቆየቱ በተደጋጋሚ ታይቷል። በመሆኑም ለማኅበር የሚያዋጣው ቤት ብዙ ጊዜ ለኪራይ ብቻ የሚገዛው ሳይሆን ራሱ የሚሠራበት ቤት ነው።

ግብርንም ማየት ያስፈልጋል። ከንግድ ሕንፃ ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ በአዋጅ 286/1994 የተጣለው 15 በመቶ ግብር በአዋጅ 979/2008ም በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ቀጥሏል። ግብሩ የሻጩ ነው። ሆኖም ሻጩ ሳይከፍል ስም ማዞር ስለማይቻል በድርድር ወደ ገዢው የሚገፋበት ጊዜ አለ፤ ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ግብር ለመቀነስ ሲባል ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ ዋጋ በውል ላይ መጻፍ ደግሞ ከሕግ ጥሰትነቱ ሌላ፣ ውሉ ቢፈርስ ማኅበሩ የሚያስመልሰው የተጻፈውን ብቻ እንዲሆን ያጋልጠዋል። በኦዲትም ጊዜ ልዩነቱን የሚያስረዳ ሰነድ አይኖርም። ከአዋጅ 80/1968 ጀምሮ ሲከፈል የኖረው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ውዝፍ እንደሌለበትም በደረሰኝ መታየት አለበት። በ2017 ዓ.ም የንብረት ታክስ አዋጅ መጽደቁም ወደፊት የቤት ባለቤት የሚከፍለው ሊጨምር እንደሚችል ስለሚያመለክት ከስሌቱ መግባት ይኖርበታል።

የዝንጅብል ትምህርትም አይረሳም። ሐደሮና ጠምባሮ በዝንጅብል የታወቁ ነበሩ። በ2004 ዓ.ም ገደማ የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ ሲገባ ግን ምርቱ ክፉኛ ወደቀ። በአንድ ምርት ተስፋ ብቻ የተገዛ መጋዘን ምርቱ ሲጠፋ ባዶ ይቀራል። ስለሆነም የሚገዛው ቤት ማዳበሪያም፣ ስንዴም፣ ቡናም፣ የሸማቾች ሸቀጥም ሊይዝ የሚችል መሆኑ መታየት አለበት።

ውሳኔው የማን ነው?

በኅብረት ሥራ ሕግ የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤ ነው። በአዋጅ 147/1991 የነበረው ይህ መርህ በአዋጅ 985/2009ም ቀጥሏል። የሥራ አመራር ኮሚቴ ቤት ፈልጎ፣ አጣርቶ፣ ዋጋ ተደራድሮ ሊያቀርብ ይችላል። ሆኖም ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ግዢ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት በጉባኤ ውሳኔ፣ በቃለ ጉባኤ ተደግፎ መፈጸም አለበት። ውሉም በሊቀ መንበሩ ወይም በሥራ አስኪያጁ የግል ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም መፈረም ይኖርበታል። “ለጊዜው በእገሌ ስም ይሁን፣ በኋላ ይዞራል” የሚለው መንገድ እገሌ ሲሞት ወይም ሲጣላ ማኅበሩን ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ያቆመዋል።

ክፍያም ቢሆን በየደረጃው መሆኑ ይመረጣል። ቀብዱ ትንሽ፣ ዋናው ክፍያ ውሉ በአዋዋይ ፊት ሲፈረም በባንክ በኩል፣ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ስሙ በማኅበሩ ከዞረና ቁልፉ ከተረከበ በኋላ ቢሆን ሻጩም እስከ መጨረሻው ይተባበራል። የአካባቢው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶችና የማዘጋጃ ቤት ኃላፊዎችም በዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አላቸው። አንድ የማስረጃ ደብዳቤ በጊዜው መስጠት የብዙ መቶ አባወራዎችን ገንዘብ ከክርክር ያድናል።

በየዓመት በዓሉ ስለ ተገኘው ትርፍ፣ ስለ ተገዛው መኪናና ስለ ተሠራው ቤት ይነገራል፤ ይገባልም። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ግን በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አንድ ፋይል አለ። የዛሬ 20 ዓመት ማኅበሩን የሚረከቡት ልጆች ቤቱን ከነመብቱ የሚያገኙት ያ ፋይል ሙሉ ከሆነ ብቻ ነው። አባቶች መሬታቸውን በቃልና በምስክር ጠብቀው አቆይተዋል፤ የዛሬው አባል ደግሞ በጽሑፍና በማኅተም ጠብቆ ለልጁ እንዲያስተላልፍ ዘመኑ ይጠይቀዋል።